ሃርድዌር ሴኩሪቲ ኤሌክቲቭ ልትይዙ ላሰባችሁ፦ ሌክቸሩ፣ ላቡ፣ ፕሮጀክቱ፣ የዕቃው ጣጣ

በአጭሩ ለምትፈልጉ፦ ያዙት። ለሌክቸሩ ከ10 አምስት፣ ለላቡ ሰባት፣ ለፕሮጀክቱ ዘጠኝ ነው ምሰጠው፣ ፕሮጀክቱ ላይ አንዷን የቀነስኳት በዕቃ ጣጣ ነው፣ ወደታች እመጣባታለሁ። ሬጅስትሬሽን በደረሰ ቁጥር በውስጥ መስመር "ያ ኮርስ እንዴት ነው፣ ግሬዱስ ይሰጣል ወይ" ሚለኝ ልጅ ስለበዛ አንዴ ዘርግፌው ልገላገል ብዬ ነው፣ ስለዚ ረዘም ይላል፣ ቡናው እስኪፈላ አንብቡት።

የግቢውን ስም አልጠራም፣ ወሎ ውስጥ ነው፣ የኛ ልጆች ያውቁታል። ኮርሱን ሚይዙት የኤሌክትሪካል ኮምፒውተር ስትሪም 5ኛ ዓመቶች ናቸው፣ አልፎ አልፎ ከሶፍትዌር ሚቀላቀሉም አሉ፣ እነሱ መጀመሪያ ላይ ካውያ ሲያዩ ትንሽ ይደነግጣሉ ግን ፓይተን ላይ ያካክሱታል። ግሬዱ አይከፋም፣ ፎርፎ ሚድ ሲደርስ ሚመጣ ልጅ ግን ይቸገራል ምክንያቱም ላቡ አቴንዳንስ ይያዝበታል፣ ሪፖርቱም ከጓደኛ ሚገለበጥ አይነት አይደለም፣ የእያንዳንዱ ቡድን ፒንና ቁልፍ የተለያየ ነው።

ሴኩሪቲ ሲባል ብዙ ሰው ፓስወርድ፣ ቫይረስ፣ ፌስቡክ ሃክ ማድረግ ምናምን ነው ሚመጣበት። እዚህ ነገሩ ሌላ ነው። ሒሳቡ እንከን የሌለው አልጎሪዝም ቢሆን እንኳን እሱን ሚሰራው ቺፕ መብራት ይበላል፣ ጊዜ ይፈጃል፣ ይሞቃል፣ እና ጎረቤት ዶሮ ወጥ እየሰራ መሆኑን ሳትጠይቁት ከሽታው ብቻ እንደምታውቁት ምስጢሩም በነዚህ በኩል ያፈተልካል። ፖል ኮከር ሚባል ሰውዬ በ1996 የሚፈጀውን ጊዜ በመለካት ብቻ ቁልፍ (ምስጢሩን ሚፈታውን ቁጥር) ማውጣት እንደሚቻል አሳየ፣ በ1999 ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ቺፑ ሚበላውን ፓወር እየለኩ ቁልፉን ማግኘት ይቻላል አሉ፣ ዲፈረንሻል ፓወር አናሊሲስ ሚባለው እሱ ነው። ከዛ በኋላ በዚህ መስመር የመጣው አብዛኛው ከነዚህ ሁለት ወረቀቶች ነው ሚመዘዘው ማለት ይቻላል። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው ምጽፈው፣ የኛውን ስጠቅስ በኛ እላለሁ።

ሌክቸሩን አምስት ያልኩት ለምንድነው፣ መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ዲጂታል ሎጂክ፣ ሲሞስ፣ የክሪፕቶ መግቢያ እየተባለ 3ኛ ዓመት ላይ የጨረስነው ይደገማል፣ ዋናው ነገር ሚጀመረው ሰሚስተሩ ሊጋመስ ሲል ነው፣ ከዛ ሚድ ይመጣና ሩጫ ይሆናል። ሃርድዌር ትሮጃን (ቺፕ ውስጥ በድብቅ የተቀበረ ተንኮል) አንድ ስላይድ፣ ሎጂክ ሎኪንግ (ቺፑ ያለ ቁልፍ እንዳይሰራ ዲዛይኑን መቆለፍ) አንድ ስላይድ፣ ፓፍ (የቺፕ አሻራ፣ ወደታች እመጣበታለሁ) አንድ ስላይድ፣ እልፍ። ስላይዱ ብቻውን አያጠግብም። ሰርን ግን አልወቅስም፣ አስቁማችሁ ከጠየቃችሁት ስላይዱን ትቶ ሰሌዳ ላይ ይወጣል፣ ያኔ ነው ትምህርት ሚሆነው፣ ስለዚ ጠይቁ፣ ከኋላ ወንበር አትደበቁ። ክፍተቱን ለመሙላት ደግሞ ኤምአይቲ ሴኪውር ሃርድዌር ዲዛይን ሚለውን ኮርሱን ከነላቡ በነጻ ለቆታል፣ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም ኮርሴራ ላይ ሃርድዌር ሴኩሪቲ ሚል አለው፣ የኤምአይቲው ወደ ፕሮሰሰርና ካሽ (የፕሮሰሰሩ ትንሽዬ ፈጣን ሜሞሪ) ያደላል፣ የሜሪላንዱ ወደ ዲዛይን ጥበቃና ትሮጃን። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ልጅ ፋይናሉን ሳይቸክል ያልፋል።

አሁን ላቡ። የመጀመሪያው የፒን ላብ ነው፣ በኔ እይታ የሰሚስተሩ ምርጥ ከሰዓት ይሄ ነው። አርዱይኖ ኡኖ ሚባለው መለማመጃ ቦርድ ላይ ባለ 4 ዲጂት ፒን ሚጠይቅ ኮድ ተጭኖ ይሰጣችኋል። ኮዱ ዲጂቶቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስተያያል፣ ማይመሳሰል ያገኘባት ቅጽበት አቁሞ ይመለሳል፣ ማናችንም ብንሆን እንደዛ ነው ምንጽፈው። የትኛውም ዲጂት ይሳሳት ስክሪኑ ላይ ሚወጣው መልስ አንድ አይነት ነው። በደፈናው ልሞክር ካላችሁ 10,000 ፒን አለ። ግን ሎጂክ አናላይዘሩን (ሽቦ ላይ ሚያልፈውን 0ና 1 ከነጊዜው ሚቀዳ ዕቃ) ትሪገር ፒኑ ላይ፣ ማለትም ኮዱ ማስተያየት ሲጀምርና ሲጨርስ ምልክት ሚሰጥበት የቦርዱ እግር ላይ፣ ሰክታችሁ ፐልስቪው ሚባለው ሶፍትዌር ላይ ስታዩት የመጀመሪያው ዲጂት ልክ የሆነበት ፐልስ ከሌሎቹ ትንሽ ረዘም ይላል። ቺፑ በ16 ሜጋኸርዝ ስለሚሄድ አንድ ሳይክል 62.5 ናኖሰከንድ ነው፣ ርካሿ ባለ 24 ሜጋኸርዝ አናላይዘር ደግሞ በየ 42 ናኖሰከንዱ ገደማ ስለምታነብ አንድ ዙር ሉፕ ሲጨመር ፍንትው ብሎ ይታያል። ረዥሙን ይዛችሁ ወደ ሁለተኛው ዲጂት፣ ከዛ ወደ ሦስተኛው፣ አስር በአራት፣ ቢበዛ 40 ሙከራ። ከ10,000 ወደ 40! እኛ ክላስ ውስጥ ሰሚስተሩን ሙሉ ድምጹ ተሰምቶ ማያውቅ ልጅ "ወላሂ!" ብሎ የጮኸው እዛ ጋ ነው። መከላከያውም እዛው ይሰራል፣ አራቱንም ዲጂት ሁልጊዜ እስከመጨረሻው እንዲያይና ውጤቱን መጨረሻ ላይ ብቻ እንዲናገር ታደርጉታላችሁ፣ ፐልሶቹ እኩል ይሆናሉ። ይቺን ያየ ሰው ሁለተኛ ፓስወርድ ሚያስተያይ ኮድ እንደበፊቱ አይጽፍም።

ሌላው የካሽ ላብ ነው። ዳታው ካሽ ውስጥ ካለ በጥቂት ሳይክል ይመጣል፣ ከራም ሚመጣ ከሆነ ወደ መቶዎቹ ይሄዳል፣ ያንን ልዩነት እየለካችሁ ሌላኛው ፕሮግራም የትኛውን አድራሻ እንደነካ ታውቃላችሁ። ከዛ በጃንዋሪ 2018 ይፋ ወደሆኑት ስፔክተርና ሜልትዳውን ወደሚባሉት የፕሮሰሰር ቀዳዳዎች ይገባል። እዚህ ላይ የዲፓርትመንቱ አሮጌ ዴስክቶፖች በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈላጊ ሆኑ፣ ፕሮሰሰሮቹ የዱሮ ኢንቴል ስለሆኑ የሊኑክሱን መከላከያ አጥፍታችሁ ቡት ስታደርጓቸው ሜልትዳውን ይሰራባቸዋል። አዲስ ላፕቶፕ ገዝቶ ሲኩራራብን የከረመው ልጅ የሱ አልሰራ ብሎት አቧራ የጠጣው ዴስክቶፕ ላይ ተራ ሲጠብቅ ማየት ራሱ አንድ መዝናኛ ነበር።

ታዲያ ላቡን ለምን ሰባት ብቻ? ለክላሱ ሁሉ ያለው ደህና ኦሲሎስኮፕ (ስኮፕ ምንለው፣ የቮልቴጅን ሞገድ ስክሪን ላይ ሚያሳየው) አንድ ነው። በ2014 በኛ በጦርነቱ ጊዜ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን፣ ስንት ላብ ባዶውን ቀረ፣ ከዛ ወዲህ ቀስ በቀስ ነው እየተሟላ ያለው፣ እሱን ማንም ላይ አልጭንም። ምጭነው አንዱ ስኮፕ እያለ የተቆለፈበት ቁልፍ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ መሆኑን ነው። ሰውዬው ስብሰባ ከሄደ ላብ የለም፣ ለቅሶ ከሄደ ላብ የለም። መብራትም አለ፣ ግማሽ ላይ የደረሰ ልኬት መብራት ሲጠፋ ከዜሮ ይጀመራል፣ ስለዚ ስክሪፕታችሁ በየመቶው ትሬስ (ስኮፑ ባንድ ጊዜ ሚቀዳው ሞገድ) ፋይል ላይ ሚያስቀምጥ ይሁን።

ፕሮጀክቱ ላይ ልቆይ ምክንያቱም ኮርሱ እሱ ነው። በቡድን ነው፣ አራት ወይ አምስት ልጅ፣ ያው ከአምስቱ ሁለቱ እንደሚሰሩና ሦስቱ ስም እንደሚያስጽፉ ይታወቃል፣ ግን ዲፌንሱ ላይ ጥያቄ ለያንዳንዱ ልጅ በስሙ ስለሚጠየቅ እዚህ ስም ማስጻፍ እንደሌላው ኮርስ አያዋጣም። ርዕስ ራሳችሁ ነው ምትመርጡት፣ ፕሮፖዛል ሁለት ገጽ። ብዙ ቡድን ሚወድቀው ርዕስ ላይ ነው፣ "ኤፍፒጂኤን በመጠቀም አስተማማኝ የሆነ..." ብሎ ሦስት መስመር ርዕስ ይጽፍና ቦርዱ የለም (ኤፍፒጂኤ ውስጡ ያለው ሰርኪት እንደተፈለገ ሚቀየር ቺፕ ነው)፣ ቦርዱ በልመና ሲገኝ ፕሮግራም ማድረጊያው ሶፍትዌር ቪቫዶ ራሱ በአስሮች ጊጋባይት ሚቆጠር ነው፣ በዶርም ዋይፋይ ማን ያወርደዋል፣ ከሲኒየር ሃርድ ዲስክ ላይ ለመቅዳት ስትዞሩ ሰሚስተሩ አለቀ። ኤፍፒጂኤ የግድ ካላችሁ አይስ 40 ሚባለው የቺፕ ቤተሰብ ዮሲስና ኔክስትፒኤንአር በሚባሉ ነጻ ሶፍትዌሮች ስለሚሰራ ሶፍትዌሩ ቀላል ነው፣ ችግሩ ቦርዱን እዚህ ማግኘት ነው።

እኛ የሰራነው የኤኢኤስን (በብዛት ሚሰራበት የመመስጠሪያ አልጎሪዝም) ቁልፍ ከአርዱይኖ ቺፕ ላይ በፓወር ማውጣት ነው። አደራረጉ እንዲህ ነው፦ ባለ 28 እግሩን ኤቲሜጋ 328ፒ ከኡኖው ሶኬት ነቅላችሁ ብሬድቦርድ ላይ ትሰኩታላችሁ፣ ባለ 16 ሜጋኸርዝ ክሪስታልና ሁለት ባለ 22 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ታደርጉለታላችሁ፣ ከፓወር መስመሩ ላይ ማለስለሻ ካፓሲተሮቹን ትተዋላችሁ ምክንያቱም እነሱ እኛ ምንፈልገውን የፓወር ከፍ ዝቅ ነው ሚያጠፉት፣ ከዛ በግራውንድ በኩል ትንሽ ኦም ያላት ሬዚስተር ታስገባላችሁ። ግራውንድ በኩል ያልኩት የስኮፑ ግራውንድ ክሊፕና የላፕቶፑ ግራውንድ በሶኬቱ በኩል ስለሚገናኙ ነው፣ በፖዘቲቩ በኩል አድርጋችሁ ክሊፑን እዛ ብትሰኩት ሾርት ታደርጉታላችሁ። ቺፑ ኤኢኤስ ሊጀምር ሲል አንድ እግሩን ሃይ ያደርጋል (ቮልቴጁን ከፍ)፣ ስኮፑ ያንን አይቶ ይቀዳል፣ ፓይተን ሌላ ጽሁፍ ይልካል፣ እንደገና።

ትሬሱን መጀመሪያ ስታዩት አስሩ የኤኢኤስ ዙር አስር ተቀራራቢ ጉብታ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ይሰለፋል፣ ኧረ እንዴት ደስ እንደሚል። ግን የኛ ሞገዱ ሁሉ ከታች ወደላይ ቀስ እያለ ይወዛወዝ ነበር፣ ሬዚስተር ቀየርን፣ ገመድ አሳጠርን፣ ምንም። ከዛ ከቡድናችን አንዷ "ቻርጀሩን ንቀሉት እስቲ" አለች፣ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሆን ቀጥ አለ። የ50 ኸርዙ መብራት ነው በቻርጀሩ በኩል እየገባ ሚያወዛውዘው። ከዛ ወዲያ ሙሉ ልኬታችን በባትሪ ሆነ፣ መብራት መጥፋቱም ለአንዴ ጠቀመን።

ሒሳቡ ሚያስፈራ ይመስላል እንጂ ቀላል ነው። ባለ 128 ቢቱ ቁልፍ 16 ባይት ነው፣ ሁሉንም ባንዴ ልገምት ካላችሁ 39 ዲጂት ያለው ቁጥር ነው ሚመጣው፣ የኛም የልጅ ልጆቻችንም ዕድሜ አይበቃም። ግን የመጀመሪያው ዙር ላይ እያንዳንዱ ባይት ለብቻው ኤስ ቦክስ (ባይትን በሌላ ባይት ሚተካ ሰንጠረዥ) ውስጥ ስለሚገባ ባይት በባይት መሄድ ይቻላል፣ ለአንዱ ባይት 256 ግምት ብቻ ነው ያለው፣ 16 ጊዜ 256 በድምሩ 4,096። ለያንዳንዱ ግምት ከኤስ ቦክሱ ሚወጣው ቁጥር በቢት ሲጻፍ ስንት አንድ እንዳለው ትቆጥራላችሁ፣ አንዶቹ ሲበዙ ቺፑ ሚበላው ፓወር ስለሚለይ ግምታችሁን ከተለካው ጋር ኮሪሌሽን ትሰራላችሁ (ሁለቱ ምን ያህል አብረው ከፍ ዝቅ እንደሚሉ)፣ ትክክለኛው ግምት ላይ ግራፉ ሹል ብሎ ይወጣል። ይቺ ዘዴ በ2004 ነው የታተመችው፣ ሲፒኤ (ኮሪሌሽን ፓወር አናሊሲስ) ትባላለች። ጥበቃ በሌለው ባለ 8 ቢት ቺፕ ላይ ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺ ትሬስ ይበቃል። የኛ ሁለት ባይቶች እንቢ ብለው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ትሬስ ስንጨምር ገቡ። ቁልፉን ያስቀመጠው ሰር ራሱ ነበር፣ እኛ አናውቀውም፣ ያወጣነውን ሄክስ ወደ ፊደል ስንቀይረው የሚወደው የእግር ኳስ ክለብ ስም ሆኖ ተገኘ። ክለቡን አልናገርም፣ ሰርን በዛ ሰሞን ማብሸቅ አልፈልግም።

ገንዘብ ለሌለው ቡድን ምመክረው ግን የአሮጌ ዋይፋይ ራውተር ፕሮጀክቱን ነው። ራውተሩን ከቆራሌ በርካሽ ታገኙታላችሁ፣ በካቻቪቴ ትከፍቱታላችሁ፣ ቦርዱ ላይ ተርታውን የተቀመጡ አራት ቀዳዳ ወይ አራት ነጥብ ትፈልጋላችሁ። በመልቲሜትር ከአንቴናው ብረት ጋር "ጢጥ" ያለችው ግራውንድ ናት፣ 3.3 ቮልት ላይ ተገትራ ምትቀረው ፓወሯ ናት፣ ሲበራ ከፍ ዝቅ ምትለው ትራንስሚት ናት። ዩኤስቢ ቲቲኤል ሚሏትን ቦርዱን ከላፕቶፕ ምታገናኝ ትንሽዬ ዕቃ በ3.3 ቮልት አድርጋችሁ ሰክታችሁ ፍጥነቱን 115200 ስትሉት የቡት ጽሁፉ ይዘንባል። አንዳንዱ ያለ ፓስወርድ ሩት (ሁሉን ማድረግ ሚችል ተጠቃሚ) ያደርጋችኋል፣ ግርም ነው ሚለው። ከዛ የራውተሩ ሶፍትዌር ሚቀመጥባትን ባለ 8 እግሯን ፍላሽ ቺፕ በክሊፕ ይዛችሁ በሲኤች 341ኤ ፕሮግራመር ትቀዷታላችሁ፣ በአሮጌዎቹ ራውተሮች ላይ 4 ወይ 8 ሜጋባይት ናት፣ ሁለት ጊዜ ቀድታችሁ ሃሹን (ከፋይሉ ይዘት ሚሰላ እንደ አሻራ ያለ ቁጥር) አስተያዩት፣ ካልተመሳሰለ ክሊፑ በደንብ አልነከሰም። ማስጠንቀቂያ፦ ጥቁሯ ሲኤች 341ኤ፣ ፍላሽ ቺፑ በ3.3 ቮልት ሚሰራ ቢሆንም፣ በዳታ መስመሮቹ ላይ 5 ቮልት ነው ምታወጣው፣ የታወቀ ጉድለት ነው፣ ኢንተርኔት ላይ እንዴት እንደሚስተካከል በስዕል አለ፣ ሳታስተካክሉ ዋጋ ያለው ዕቃ ላይ አትሰኩ። የተቀዳውን ፋይል ቢንዎክ ሚባለው መፈልፈያ ሶፍትዌር ውስጥ ስትከቱት ሙሉው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ተዘርግፎ ይወጣል፣ ውስጡ የፋብሪካው ፓስወርድ ሃሽ፣ ከስንት ዓመት በፊት የቆሙ የሶፍትዌር ቨርዥኖች፣ አንዳንዴ የቀድሞው ባለቤት የዋይፋይ ስም ሳይቀር። የሰውዬውን ሪፖርቱ ላይ አታውጡት፣ አጥቁሩት።

ለሐሳቡ አንደኛ ምለው ግን የኛ ሳይሆን የሌላ ቡድን ነው። ፓፍ ማለት ሁለት ቺፕ ካንድ ፋብሪካ ባንድ ቀን ቢወጡም ሲሊከኑ ላይ ባለች ጥቃቅን ልዩነት ምክንያት እንደ አሻራ መለየት ይቻላል ሚል ነገር ነው። የአርዱይኖው 2 ኪሎባይት ራም ገና ሲበራ፣ ኮዱ ሳይነካው በፊት፣ 16,384 ቢቶቹ የየራሳቸውን አንድ ወይ ዜሮ ይዘው ነው ሚነሱት፣ ያንን ካነበባችሁ አሻራው እሱ ነው። ያው ቺፕ ደጋግሞ ሲበራ ብዙም መለያየት የለበትም፣ ሁለት የተለያዩ ቺፖች ደግሞ በጥሩው ጊዜ ወደ 50 ፐርሰንት ይለያያሉ። ልጆቹ ምን አሰቡ፣ ሙቀት አሻራውን ያዛባዋል ይባል የለ፣ የሙቀት ሳጥን የለንም፣ ግን ደሴና ኮምቦልቻ አሉን! ያንኑ ቦርዶች ይዘው ጠዋት በብርዱ ደሴ ላይ ለኩ፣ ከዛ ሚኒባስ ይዘው ሐረጎን ወርደው ቀትር ላይ ኮምቦልቻ ለኩ። ልዩነቱ ትንሽ ነበር፣ እንደዛ ይሆናል ብለው ነበር ራሳቸውም፣ ግን ዲፌንሱ ላይ አንዱ ኤግዛሚነር "ላፕቶፑ ሁለቱም ቦታ ላይ በባትሪ ነበር ወይስ በቻርጀር፣ የዩኤስቢው ቮልቴጅ እኩል ነበር?" ብሎ ሲጠይቃቸው ቮልቴጁንም ጽፈው ስለነበር ሰንጠረዡን አውጥተው አሳዩት። ኤ ፕላስ። ወጪያቸው የሚኒባስ ብቻ። እኔ ብሆን የሰሚስተሩን ሽልማት ለነሱ ነበር ምሰጠው።

ሌሎቹን ቶሎ ልበላቸው። ሃርድዌር ትሮጃንና ሎጂክ ሎኪንግ በሲሙሌሽን ነው ሚሰሩት፣ ትረስት ሃብ ሚባል ድረገጽ ላይ የተዘጋጁ ቤንችማርኮች (መሞከሪያ ዲዛይኖች) አሉ፣ አይካረስ ቬሪሎግ ሚባለው ሲሙሌተር ትንሽ ላፕቶፕ ላይም ይሄዳል፣ ዕቃ መግዛት ለሰለቸው ጥሩ ነው ግን ዲፌንስ ላይ ሚታይ ነገር ስለሌለው ፕረዘንቴሽኑ ይደርቃል። ሎጂክ ሎኪንግ ከመረጣችሁ የ2015ቱን የሳት አታክ (የመቆለፊያውን ቁልፍ በሎጂክ ፈቺ ሶፍትዌር ማውጣት) ወረቀት ሳታነቡ ፕሮፖዛል አትጻፉ፣ ከሱ በፊት የነበሩትን ዘዴዎች አብዛኞቹን ነው ያፈረሰው፣ ሰርም መጀመሪያ ሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ሮውሃመር (አንዱን የራም ረድፍ ደጋግሞ በመንካት የጎረቤቱን ቢት መገልበጥ) በ2014 የወጣ ግሩም ነገር ነው ግን የናንተ ራም ይሰራበት አይሰራበት ዕድል ነው፣ ሰሚስተር በዕድል አይያዝም፣ ተዉት። ማይፌር ክላሲክ ካርድ (ሪደር ላይ በማስጠጋት ሚሰራ ካርድ) ላይ መስራት ደግሞ ርካሽ ነው፣ አርሲ 522 ሪደርና ባዶ ካርድ ብቻ፣ ክሪፕቶ 1 ሚባለው መመስጠሪያው ቁልፉ 48 ቢት ነው፣ በ2008 ተከፍቶ አልቋል፣ ባለ 1 ኬው ካርድ 16 ሴክተር አለው፣ ብዙዎቹ ካርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ ቁልፋቸው ሁሉም ኤፍ ነው።

እዚች ላይ አንድ ነገር፣ አንድ ቡድን የሆነ ሆቴል የበር ካርድ ይዞ መጥቶ "ሰር በዚ እንስራ" ሲል ሰር ፊቱ ተለወጠ። ልክ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (ዓመቱ በኛ ነው) አለ፣ ያልተፈቀደ ሲስተም ውስጥ መግባት ያስቀጣል፣ ለክላስ ፕሮጀክት ነው ማለት አያድናችሁም። የራሳችሁ ዕቃ፣ የገዛችሁት ካርድ፣ የተጣለ ራውተር፣ በቃ። ኮርሱ ላይ ይሄን ሚል ወረቀት ያስፈርማችኋል፣ ሳታነቡ አትፈርሙ።

የቀነስኳት አንዷ ነጥብ፣ ዕቃው። ዋጋ አልጽፍም ምክንያቱም ከሐምሌ 2016 በኛ ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የጠየቃችሁት ነገ አይገኝም። ደሴ ፒያሳና አራዳ አካባቢ ያሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ላይ አርዱይኖ፣ ብሬድቦርድ፣ ጁምፐር፣ ሬዚስተር አይጠፋም፣ ሎጂክ አናላይዘርና የፍላሽ ክሊፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ በሰው ነው ሚመጣው፣ ስለዚ ሰሚስተሩ ሳይጀመር እዘዙ። ኡኖ ስትገዙ ቺፑ ትልቁ፣ ባለ 28 እግሩ፣ ሶኬት ላይ የተሰካው መሆኑን አይታችሁ ግዙ፣ ትንሿ ጠፍጣፋዋ የተበየደችበት ለፒን ላቡ ትሆናለች ለፓወሩ ግን አትነቀልም። አንድ ሱቅ፣ ስሙ ይቅር፣ "ኦሪጅናል ነው" ብሎ የሸጠን ዩኤስቢ ቲቲኤል መቀየሪያዋ 3.3 ላይ ብትሆንም 5 ቮልት ታወጣ ነበር፣ ስንመልስለት "ከፍታችሁታል" ብሎ እንቢ አለ፣ ዕቃው መከፈቻም የለው! ከዛ ወዲህ መልቲሜትር ኪሴ ይዤ ነው ምገዛው፣ እዛው ሱቁ ላይ ሳልለካ አልከፍልም፣ ባለሱቁ ከተቆጣ ሌላ ሱቅ አለ።

በተቃራኒው ኮምቦልቻ ላይ አንድ ሞባይል ጠጋኝ አለ፣ የራውተር ፕሮጀክት የሰራው ቡድን የፍላሿን እግር ሰብሮ ሄዶበት ነበር፣ "አብሽሩ፣ ይቺማ ምን አላት" ብሎ ማይክሮስኮፑ ስር አስገብቶ እንደ ጸጉር የቀጠነች ሽቦ ዘረጋላት፣ ሥራው ሲያልቅ ስለ ቢንዎክ እያስረዱት ሻይ ጋብዟቸው ክፍያ ትንሽ ብቻ ተቀበለ። ካውያ አያያዝ ከላብ ይልቅ እሱ ጋ ተቀምጦ ማየት ይሻላል፣ ከፈቀደላችሁ።

ወረቀት ማንበብን በተመለከተ፣ የአይትሪፕልኢው (የኢንጂነሮች ማህበሩ) በክፍያ ነው፣ ግን የክሪፕቶ ሰዎች አብዛኛውን ሥራቸውን ኢፕሪንት ሚባለው ድረገጽ ላይ በነጻ ይጭኑታል፣ የዩዝኒክስ ሴኩሪቲ ኮንፈረንሱም ሁሉም በነጻ ነው፣ ጉግል ስኮላር ላይ በቀኝ በኩል ፒዲኤፍ ሚለውን ተከተሉ። ዲፌንስ ላይ "ይሄ ለሀገራችን ምን ይጠቅማል" ሚል ጥያቄ የማይቀር ነው፣ ሲም ካርዱ፣ የኤቲኤም ካርዱ፣ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪው ሁሉም ውስጣቸው ቺፕ ነው፣ ተገዝተው ሲመጡ የሚፈትሽ ሰው ያስፈልጋል በሉ፣ እውነትም ስለሆነ አታፍሩበትም። ለመመረቂያ ልትቀጥሉበት ለምትፈልጉ ደግሞ ያንኑ ኤኢኤስ ማስኪንግ (መሃል ላይ ያሉትን ቁጥሮች በዘፈቀደ ቁጥር መሸፈን) ጨምራችሁበት ቁልፉ ለመውጣት ስንት ትሬስ እንደሚፈልግ ማወዳደር ዓመቱን ሙሉ ሚያሰራ ሥራ ነው፣ ዕቃውም ያው ነው።

ኮምቦልቻ ወይ ደሴ ያላችሁ ቡድኖች ሎጂክ አናላይዘሬን አውሳችኋለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ከነገመዷ ነው ምትመለሰው። የፍላሽ ክሊፑን ግን አትጠይቁኝ፣ ባለፈው የወሰዱት ልጆች ጥርሱን አርግፈውት ነው የመለሱት።